ዝግ ተጎታች በወለል ስፋት አይመረጥም፦ ለአንድ የመግዣ መመሪያ የተሰጠ ምላሽ

ሞተር ሳይክል ለሚያጓጉዙ ሰዎች የተጻፈ አንድ የመግዣ መመሪያ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ምክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አቅማችሁ የቻለውን ያህል ትልቅ ዝግ ተጎታች፣ ማለትም መኪና ከኋላው የሚስበው ግድግዳና ጣሪያ ያለው ሳጥን፣ ግዙ። የመኪናችሁ የመጎተት አቅም ከተጎታቹ ክብደት ከበለጠ ሌላ ነገር አያስጨንቃችሁ። ለማውረድ እንዲቀላችሁ ሞተሮቹን ወደ ኋላው በር አስጠግታችሁ እሰሩ። ሁለት አክስል (የጎማዎቹ ዘንግ) ሁልጊዜ ከአንድ ይሻላል። ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው አጥብቁ። የአየር ቀዳዳ አቧራ ከማስገባት ውጭ ጥቅም የለውም። ያገለገለ ከሆነ የጎማውን ጥርስ አይታችሁ ወስኑ።

ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፈው አልጠራጠርም። አጻጻፉ ግልጽ ነው፣ ጀማሪም ይረዳዋል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ጀማሪው እንዳለ ይቀበለዋል። ሞተሮቹን ወደ ኋላ አስጠጉ የሚለው ምክር ደግሞ መንገድ ላይ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከመጠኑ ልጀምር። ጸሐፊው የሚያሰላው በወለል ነው። አንድ ሞተር ይህን ያህል ቦታ ይይዛል፣ ሁለት ሞተር እጥፉን፣ ለዕቃ ትንሽ ጨምሩበት፣ አለቀ። እኔ ግን ወለሉን የማየው ከክብደቱ በኋላ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በሰሜን አሜሪካ በብዛት ከሚሸጡት ዝግ ተጎታቾች አንዱ 6 ጫማ በ12 ጫማ የሚባለው ነው፤ በሜትር 1.8 በ3.6 ገደማ። ባለ አንድ አክስሉ ብዙ ጊዜ የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት 2,990 ፓውንድ፣ ማለትም 1,356 ኪሎ ነው። ይህ ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከ3,000 ፓውንድ ጀምሮ ተጎታች የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ያስገድዳሉ። አምራቾቹ ከዚያ መስመር ትንሽ ዝቅ ብለው ያቆሙታል።

ጠቅላላ ክብደት ማለት የተጎታቹ የራሱ ክብደት ከነጭነቱ ነው። ባዶው ሳጥን 600 ኪሎ ቢመዝን ለጭነት የሚቀረው 756 ኪሎ ብቻ ነው። አሁን ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የሚባሉትን ትልልቅ የጉዞ ሞተሮች ሁለት ጫኑበት። ከነኋላ ሻንጣው አንዱ 380 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ሁለቱ 760። አንዱን ቀደም፣ ሌላውን ወደኋላ አድርጋችሁ ብታቆሟቸው ወለሉ ይበቃቸዋል። ክብደቱ ግን ከገደቡ አልፏል። ያውም ማሰሪያ፣ የጎማ መያዣ (የሞተሩን የፊት ጎማ ይዞ የሚያቆመው)፣ የመሣሪያ ሳጥንና የራስ ቁር ገና አልተጫኑም። በወለል ያሰላ ሰው ሁለቱን ጭኖ፣ በሩን ዘግቶ፣ ደስ ብሎት ይነሳል።

ተቃራኒውም አለ። የሞቶክሮስ ሞተር 110 ኪሎ ገደማ ነው። ሦስቱ ቢጫኑ 330 ኪሎ። እዚህ ጋ ክብደቱ ሳይሆን ቦታው ነው የሚያጥረው። አንድ ዓይነት ሳጥን ለአንዱ ሰው ጠባብ፣ ለሌላው ደግሞ አቅመ ቢስ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የሞተራችሁን ክብደት ወረቀት ላይ ጻፉ የምለው። ቀጥሎ ተጎታቹ ላይ የተለጠፈውን የክብደት ሰሌዳ አንብቡ፤ ከጠቅላላው ላይ ባዶውን ቀንሱ። ሻጩ ባዶ ክብደቱን ካላወቀው ተጎታቹ ሚዛን ላይ ይውጣ።

ደግሞ ትልቅ ሳጥን በነፃ አይጎተትም። ከሁሉም በላይ የሚያስከፍለው ቁመቱ ነው። ውስጡ 1.83 ሜትር የሆነውን ትታችሁ 2.13 የሆነውን ብትወስዱ፣ ነፋስ የሚገፋው የፊት ገጽ ከግማሽ ካሬ ሜትር በላይ ይጨምራል። ነፋሱ የሚገፋበት ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው። ፍጥነቱ ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲወጣ የነፋሱ ግፊት ከግማሽ በላይ ይጨምራል። አንዳንድ የመኪና አምራቾች ከክብደት ሌላ ለተጎታቹ የፊት ስፋትም ገደብ የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩን ከነመስታወቱ የሚያስገባ፣ እናንተም ጎንበስ ብላችሁ የምትሠሩበት ቁመት ካለ በቂ ነው።

ልኬት ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የውጭው ነው። የውስጡ ስፋት በግድግዳው ውፍረት ያንሳል። የኋላው በር ክፍተት ደግሞ ከውስጡ ቁመት ዝቅ ይላል፤ በላይ በኩል የሚያልፍ ብረት አለ። ረጅም የንፋስ መከላከያ ያለው ሞተር ውስጥ ቢቆም ጣሪያውን አይነካም፣ በሩ ላይ ግን ይጋጫል። ሜትሩን የምትዘረጉት በሩ ላይ ይሁን። በጣም ሰፊዎቹ፣ 2.6 ሜትር ገደማ የሆኑት፣ ጎማቸው ከወለሉ ሥር ስለሚገባ ውስጥ በኩል የጎማ ሳጥን ይወጣላቸዋል። ያ ሳጥን ከጎን የምታቆሙትን ሞተር ቦታ ይቀማል።

ሁለተኛው ነጥብ የመኪናው የመጎተት አቅም ነው። ጽሑፉ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው። መኪናው 2,000 ኪሎ ይጎትታል፣ ተጎታቹ 1,356 ነው፣ ስለዚህ ሰላም ነው ይላል። ነገር ግን ተጎታቹ ከመሬት ብቻ አይደለም የሚደገፈው። አፍንጫው፣ ማለትም ከፊቱ የሚወጣው መጎተቻ ብረት፣ የመኪናው ጋንቾ (ከኋላ ያለው ማያያዣ) ላይ ይጫናል። ያ ክብደት የመኪናው ጭነት ሆኖ ይቆጠራል። አራት ሰው፣ ሻንጣና 150 ኪሎ ጋንቾ ላይ ሲደመር መኪናው ራሱ ሊሸከም ከሚችለው ሊያልፍ ይችላል፤ የመጎተት አቅሙ ገና ብዙ ይቀረዋል። ጋንቾውም የራሱ ገደብ አለው፤ ላዩ ላይ ተጽፏል። ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚወስነው ትንሹ ነው።

ጋንቾው ላይ ያለውን፣ ተጎታቹ የሚገጠምበትን የመጎተቻ ኳስም ሳልጠቅስ አልለፍ። አንዱ 50 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሌላው 2 ኢንች፣ ማለትም 50.8። በዓይን አይለዩም። ተጎታቹ የሚጠይቀውን መጠን አንብቡና ያንኑ ግጠሙ።

አሁን ዋናው ላይ ደርሰናል። ሞተሮቹን ወደ ኋላው በር አስጠግታችሁ እሰሩ፣ ጋንቾውም ይቀለዋል፣ ይላል ጽሑፉ። አዎ፣ ጋንቾው ይቀለዋል። አደጋውም ይኼው ነው።

ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተለመደው መለኪያ ከጠቅላላው የተጎታች ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ጋንቾው ላይ እንዲያርፍ ነው። ለ1,356 ኪሎ ተጎታች ይህ ከ136 እስከ 203 ኪሎ ነው። በአውሮፓ የብዙ መኪኖች የጋንቾ ገደብ አነስተኛ ስለሆነ ድርሻው ዝቅ ይላል። የትም ቢሆን ግን አፍንጫው በግልጽ ወደ ታች መጫን አለበት። ክብደቱ ወደ አክስሉ ኋላ ሲሄድ የተጎታቹ ጅራት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። በዝግታ ስትሄዱ ውዝዋዜው ራሱ ይሞታል። ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ግን አይሞትም። እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው ይበልጣል፣ በመጨረሻም መኪናውን ይዞት ይዞራል። ነፋስ፣ ቁልቁለት፣ ወይም አጠገባችሁ የሚያልፍ ትልቅ የጭነት መኪና ለማስጀመር ይበቃል።

ትንሽ መጠጋት ምን ያመጣል የሚል ካለ እናስላው። አክስሉ ከጋንቾው 3.3 ሜትር ይራቅ እንበል። 380 ኪሎ የሚመዝነውን ሞተር ግማሽ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ብትገፉት ጋንቾው ላይ ያለው ክብደት በ58 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ሁለቱንም ብትገፉ 115 ኪሎ ይሄዳል። ቀድሞ የነበረው 136 ቢሆን የቀረው 21 ኪሎ ነው። ግማሽ ሜትር ማለት አንድ እርምጃ እንኳ አይሞላም። ለማውረድ ቅለት ተብሎ የተወሰደው ያ ርቀት ተጎታቹን ከተረጋጋ ወደ አደገኛ ይቀይረዋል።

ስለዚህ የጎማ መያዣው የት እንደሚታሰር የሚወሰነው በሚዛን ነው። ሞተሮቹን ጭናችሁ፣ መሬቱ ሜዳ ላይ ሆኖ፣ የተጎታቹን አፍንጫ የሚያቆመውን ክሪክ ሚዛን ላይ አሳርፉ። ቁጥሩ ካነሰ ሞተሮቹን ወደፊት፣ ከበዛ ትንሽ ወደኋላ። ቦታው ሲገኝ ወለሉን ምልክት አድርጉና መያዣውን እዚያ በቡሎን እሰሩት። አንድ ሞተር ብቻ በምትጭኑበት ቀን ደግሞ መሃል መስመር ላይ ይቁም። ለዚህ ሦስተኛ መያዣ የሚገባበት ቦታ ያስፈልጋል። ይህን ሳታስቡ የገዛችሁት ሳጥን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

መወዛወዙ መንገድ ላይ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን በኃይል አትርገጡ፣ መሪም አታወናጭፉ። እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ተጎታቹ የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው ከሹፌሩ አጠገብ ባለው መቆጣጠሪያ የተጎታቹን ፍሬን ብቻ ያዙ። ከኋላ ሲያዝ ተወጥሮ ቀጥ ይላል።

እግረ መንገዴን ፍሬን ላይ ልጨምር፤ ጽሑፉ ስለዚህ አንድ ቃል አልተናገረም። በአውሮፓ ከ750 ኪሎ ጠቅላላ ክብደት በላይ ያለ ተጎታች ፍሬን ግዴታው ነው። በሌላ ቦታ ገደቡ ከፍ ይላል። የሕጉ ገደብ ከፍ ማለቱ ግን የመኪናችሁን ፍሬን አያበረታውም። ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ ከኋላችሁ እየገፋ ቁልቁለት የምትወርዱ ከሆነ ሕግ ባያስገድድም ፍሬን ያለውን ግዙ እላለሁ። ተጎታቹ ቢላቀቅ በራሱ ፍሬን የሚይዝበት ገመድና ባትሪ መኖሩን፣ መሥራቱንም አረጋግጡ።

ሁለት አክስል ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው ግማሽ እውነት ነው። አንድ ጎማ ቢፈነዳ ሌላው ይይዘዋል። በፈጣን መንገድ ላይ አካሄዱም የተረጋጋ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ከባድ ሞተር የሚጭን ሰው ባለ ሁለት አክስሉን ይውሰድ፣ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። አንድ ሞተር ወይም ሁለት ቀላል ሞተር ለሚጭን ግን ሁለተኛው አክስል ከመቶ ኪሎ በላይ ባዶ ክብደት ይጨምራል። ጎማው አራት ይሆናል፣ ኩሽኔታውም እንዲሁ። ጠባብ ቦታ ስትዞሩ ጎማዎቹ በጎን ይፋተጋሉ፣ በእጅ ገፍቶ ማስተካከልም አይታሰብም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጥሩ ፍሬንና ጥሩ ጎማ ያለው ባለ አንድ አክስል ይበቃዋል። ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ይሁን ውስጡ ባለ ላስቲክ የሚታጠፈው አክስል የሚለው ክርክር ሁለተኛ ነገር ነው። ባሌስትራ የትም ይጠገናል፤ ሌላው ለስለስ ብሎ ይሄዳል፣ ወለሉንም ዝቅ ያደርጋል።

ማሰሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ። እስከ መጨረሻው አጥብቁ ይላል ጽሑፉ። የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ሙሉ በሙሉ እስኪታጠፍ ከተጎተተ ሞተሩ የሚተነፍስበት ቦታ አያገኝም። ጉድጓድ ሲመጣ ምቱን ሞላው አይቀበለውም፣ በቀጥታ ማሰሪያው ላይ ያርፋል። ረጅም መንገድ እንዲሁ ከሄደ ደግሞ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ይጎዳል። ሹካው ካለው መታጠፊያ ከሲሶ እስከ ግማሽ ከወረደ ይበቃል። ሞተሩን ስትገፉት ተጎታቹ አብሮ መነቅነቅ አለበት፤ ሞተሩ ብቻውን ከተነቃነቀ ላልቷል።

የፊት ማሰሪያዎቹ መሪው ጫፍ ላይ ሳይሆን ከመሪው በታች ሹካውን ከያዘው ብረት ላይ ይታሰሩ፤ መሪ ይዞራል፣ ይታጠፋልም። ቀለሙን እንዳይፍቅ በመካከል ለስላሳ ቀለበት ይግባ። ወደ ፊትና ወደ ጎን፣ 45 ዲግሪ ገደማ ይውረዱ። ከኋላም ሁለት ማሰሪያ ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ የኋላ ጎማው ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሞተሩ በጎማዎቹ ይቁም፣ የጎን መቆሚያው ይታጠፍ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቆማችሁ እንደገና ፈትሹ፤ መጀመሪያ ላይ የማይላላ ማሰሪያ ጥቂት ነው።

ማሰሪያ ስትገዙ ትልቁን ቁጥር አትመኑ። እሱ የሚበጠስበት ነው። የሚሠራበት አቅም አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ሲሶ ነው፣ ሁለቱም ጨርቁ ላይ ይጻፋሉ።

ጽሑፉ ከሁሉም የዘነጋው ማሰሪያው የሚታሰርበትን ቀለበት ነው። ወለል ላይ ቀለበት ካለ ይበቃል ብሎ አለፈ። እኔ ተጎታች ሳይ መጀመሪያ የምተኛው ከሥሩ ነው። የወለሉ ፕላይውድ ብዙ ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀለበቱ በእንጨት ቪስ ከላይ ብቻ ከተያዘ፣ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ቪሱ ከነእንጨቱ ይነቀላል። ቀለበቱ ሻንሲው ብረት ላይ መበየድ አለበት፣ ካልሆነም ቡሎኑ ወለሉን ዘልቆ ሥር በብረት ሰሌዳና በዳዶ መታሰር አለበት። ከሥር አይታችሁ የቡሎን ጫፍ ካልታየ፣ የተበየደ ነገርም ከሌለ፣ ቀለበቱን እንደሌለ ቁጠሩት። እዚያው ሳላችሁ ወለሉን የሚሸከሙትን አግዳሚ ብረቶች ርቀት ለኩ። በ40 ሴንቲ ሜትር የተደረደሩት ከ60ዎቹ ይልቅ የሞተር ጎማን በደንብ ይሸከማሉ። ክብደቱ ሁለት ትናንሽ ነጥቦች ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ይህ ለሞተር ከሌላ ጭነት ይበልጥ ያስፈልጋል።

መወጣጫ በሩንም፣ ማለትም ወደ ታች ተዘርግቶ መወጣጫ የሚሆነውን የኋላ በር፣ ጽሑፉ አልነካውም። ክሩዘር ለሚባለው ሆዱ ለመሬት የቀረበ ሞተር ባለቤት ግን ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ወለሉ ከመሬት 53 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ በሩም 1.8 ሜትር ቢረዝም፣ መወጣጫው 17 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1.65 ሜትር ያለው ሞተር የወለሉን ጠርዝ ሲያልፍ ሆዱ እንዳይነካ 12 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይፈልጋል። ብዙ ክሩዘሮች ያላቸው በዚያ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ከሥሩ ይፋቃል ወይም እዚያው ተሰቅሎ ይቀራል። ጫፉ ላይ ተጨማሪ ታጣፊ ያለው ረዘም ያለ መወጣጫ፣ ወይም ወለሉ ዝቅ ያለ ተጎታች ፈልጉ። የመወጣጫው ጫፍ ከፍ ያለ መሬት ላይ እንዲያርፍ ማቆምም ይረዳል። በሁለት ወገን የሚከፈተው በር ክብደቱ ቀላል ነው፣ ግን ለየብቻ መወጣጫ መሸከም አለባችሁ። ለሞተር አልመክረውም።

የአየር ቀዳዳ ጥቅም የለውም የሚለውን በፍጹም አልቀበልም። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ፣ በፀሐይ፣ አፍ ድረስ የተሞላ ታንከር ይተነፍሳል። መብራቱ ወይም ባትሪው አንድ ብልጭታ ከሰጠ ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም። ቀዳዳው ወደ ታችም ወደ ላይም ይኑር። ታንከሩ አፍ ድረስ አይሞላ፣ የነዳጅ መዝጊያ ያለው ሞተር መዝጊያው ይዘጋ። ሞተሩን ሳጥኑ ውስጥ አስነስታችሁ አታቆዩ። ዝናብ የመታው ሞተር ደግሞ አየር በሌለበት ሲዘጋበት እርጥበቱ ክሮሙንና ሰንሰለቱን ያዝገዋል። አቧራ ካስፈራችሁ መዝጊያ ያለው ቀዳዳ አለ።

የጎማ ጥርስ ለተጎታች ብዙ አይናገርም። ተጎታች ብዙ ይቆማል፣ ትንሽ ይሄዳል። ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። በብዙ ጎማ ጎን ላይ ባለው ኮድ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። አምስት ወይም ስድስት ዓመት ካለፈው የቅያሪውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። የፍጥነት ገደቡንም ተመልከቱ፤ ብዙ የተጎታች ጎማዎች የተሠሩት ለ105 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ትርፍ ጎማ ይኑራችሁ፣ የመኪናችሁ ለተጎታቹ አይሆንም።

ጸሐፊው የጎን በር ያስፈልጋል ማለቱ ልክ ነው። ሞተሩን ካስገባችሁ በኋላ የፊት ማሰሪያውን አስራችሁ የምትወጡበት እሱ ነው። ፊት በኩል ይሁን። ፊቱ ሾጠጥ ያለ ሳጥንም ወድዷል፣ እኔም እወደዋለሁ። ምክንያቴ ግን ነፋሱ ሳይሆን የመሃል ሞተር የፊት ጎማ እዚያ ስለሚገባ ነው።

አንድ የምጨምረው አለኝ። ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ሞተር ይዛችሁ ሂዱ። ወደ ውስጥ ግፉት፣ እሰሩት፣ በጎን በሩ ውጡ፣ አፍንጫውን መዝኑ። ከሥር ተኝታችሁ ቀለበቶቹን እዩ። ሁለት ሞተር የምትጭኑ ከሆነ ሁለቱንም አምጡ፤ መሪና መሪ የሚጠላለፈው፣ ሻንጣ ከሻንጣ የሚጋጨው ያኔ ነው የሚታየው።